በጋቢ የተገነዘ ሞተር

መካኒክ በላቸው መሞቱን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ለቅሶ ስደርስ ድንኳኑ ሊነሣ ተቃርቦ፣ ለቀስተኛውም ወደ ጨዋታው አዘንብሎ ነበር። አንድ ጡረታ የወጣ ሾፌር ስለ ሟቹ ይተርካል፤ ሰዉ ይስቃል። በንጉሡ ጊዜ በላቸው አንድ የናፍጣ ሞተር በሰሌንና በጋቢ ገንዞ፣ ሬሳ ነው ብሎ፣ ከእስቴ እስከ ስማዳ በባላገር ትከሻ አሸክሞ ወስዷል። ሾፌሩ "ሞተሩን እኮ ቄስ ፈትቶታል!" ሲል የሟቹ ልጆች ሳይቀሩ ሳቁ።

ታሪኩ እውነት ነው፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። በላቸው ራሱ በየጋራዡ ሲያወራው ግን ቄሱ ላይ ሲደርስ ያቆም ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቅ ሰው በድንኳኑ ውስጥ አልነበረም። ለቀስተኛ ፊት የሚነገር ስላልሆነ እኔም ዝም አልኩ። እዚህ ግን ያየሁትን በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

ያኔ የጋዜጣ ዘጋቢ ነበርኩ። በስማዳ፣ ወገዳ ላይ ስለሚከፈት ጤና ጣቢያ እንድጽፍ ተልኬ ክረምቱ መንገዱን ስለዘጋው እዚያው ቀረሁ። የወረዳው ገዥ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ነበረቻቸው፤ በናፍጣ የምትሄድ፣ ባለ ሁለት ዲፍሬንሻል፣ ማርሿ በጉልበት የሚገባ። በዚያው ክረምት ሞተሯ ፈነዳ። ፒስተኑን የሚይዘው ክንድ ተሰብሮ የሞተሩን ጎን በስቶ ወጣ። ገዥው ክፉኛ ደነገጡ። ከመስቀል በኋላ ጤና ጣቢያውን የሚመርቁ ትልቅ ሰው ይጠበቃሉ፤ እኚህን ሰው በበቅሎ እያንገላቱ ማስገባት ሹመት ያሳጣል። ወደ ጎንደር መልእክተኛ ላኩ፤ በላቸው መጣ።

ረጅም፣ ከሲታ፣ ግራ ዓይኑ የብየዳ እሳት ገብቶበት በግማሽ የተከደነ ሰው ነበር። ሥራውን የተማረው አሥመራ፣ ጣሊያኖች ጋራዥ ውስጥ ነው። ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው። ሁለት ልማድ ነበረው። አንደኛው፣ ለትልቁም ለትንሹም "አንተ" ማለቱ ነው። ሁለተኛው፣ እጁ ዘይት ሲነካ የራሱን ጨርቅ አይፈልግም፤ አጠገቡ የቆመውን ሰው ኩታ ወይም ጋቢ ጫፍ ይስብና ይጠርግበታል። ባለ ጋቢው ቢቆጣ ቀና ብሎ አያየውም። ሳያየው ሥራውን ይቀጥላል።

የመጣ ዕለት የዘይት መለኪያውን ሽቦ መዝዞ ጫፉን ቀመሰ፣ እንትፍ አለ።

"ይጠገናል?" አሉ ገዥው።

"ሆዱ ተዘርግፎ አንጀቱ መሬት ላይ ነው። ምኑ ይጠገናል? ሌላ ይምጣ።"

"ሌላ ከየት ይመጣል?"

"እሱን ለእኔ ተወው።"

ሰዉ ወደ ገዥው ዞረ። ገዥውን "ተወው" ያለ ሰው በዚያ አገር አልታየም። እሳቸው ግን ዋጡት፤ ሌላ መካኒክ የላቸውም፤ በላቸውም ይህን ያውቃል።

ቀጥሎ ሾፌሩን አስጠራ። አያሌው የሚባሉ፣ ሽበት የጀመራቸው፣ ዓይናፋር ሰው ነበሩ።

"ውኃ መቼ ጨመርክ?"

"ረስቼው ነው ጌታዬ።"

"ረሳህ?" አለ በላቸው በለሰለሰ ድምፅ። የተሰበረውን የብረት ክንድ ከጭቃው አነሣና በሲባጎ አስሮ አንገታቸው ላይ አጠለቀላቸው። "እስክጨርስ ድረስ እንዳታወልቀው። እንዳትረሳ ነው።"

ሰዉ የሚሳቅ መስሎት ሳቀ። አያሌው ግን አላወለቁትም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሲሳለሙ ብረቱ ደረታቸው ላይ ሲወዛወዝ አይቻለሁ። ለምን አያወልቁትም ብዬ ስጠይቃቸው "እሱ ተቆጥቶ ሥራውን ከተወ ልጆቼ ምን ይበላሉ?" አሉኝ።

አሮጌውን ሞተር ያወጣው በዚያው ሳምንት ነው። ራዲያተሩን አወለቀ፣ የናፍጣ ቧንቧዎቹን አቧራ እንዳይገባባቸው በጨርቅ ወተፈ፤ ካምቢዮውን ከነማርሹ ቦታው ትቶ ሞተሩን ከፍሪሲዮኑ ለየው። ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ አናታቸውን አሥሮ አቆመ፤ ሞተሩን በገመድ ሰቅሎ መኪናዋን ከሥሩ አስገፍቶ አወጣት። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ይህን ሳልመሰክር ባልፍ ሐሰት ይሆንብኛል። የፈታውን ብሎን ሁሉ በፈታበት ቦታ መልሶ በጣቱ ያጠብቀው ነበር፤ አንድም አልጠፋበትም።

አዲሱ ሞተር በጭነት መኪና መጥቶ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ የጭነት መኪና የሚያስኬድ መንገድ አልነበረም፤ ለላንድሮቨር የሚበቃውንም ዝናቡ አረንቋ አድርጎታል። እኔም ወሬ ልልክ በበቅሎ ወደዚያው ወርጄ ስለነበር፣ ሞተሩን ሊረከብ ከመጣው ከበላቸው ጋር ተመለስኩ። መጀመሪያ በበሬ አስጎተተው፤ ጭቃው በሬዎቹን እስከ ሆዳቸው ዋጣቸው። በበቅሎ እንዳይጭነው የየትኛዋም በቅሎ ወገብ አይችለውም። ስለዚህ የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ ፈታ፤ ከሌሎቹ ተፈቺ ዕቃዎች ጋር በበቅሎ ጫነው። የቀረውን ትልቁን ብረት በጠፍር በተወጠረ ቃሬዛ ላይ አሰረ። ጭቃ ሹሙ በገዥው ትእዛዝ ሰው አመጣለት።

ወሩ መስከረም ነው፤ ጤፉ ያልታረመለት ገበሬ ብዙ ነበር። የመንግሥት ብረት እንዲሸከሙ የተጠሩት ሰዎች አንድ ሁለት ጊዜ ካሳረፉ በኋላ መጥፋት ጀመሩ። አንዱ "ውኃ ሽንት" ብሎ ወደ ቁጥቋጦው ይገባል፤ አይመለስም። ሌላው እግሬን ወለም አለኝ ይላል። መንገዱን የሚያቋርጠውን ወንዝ ስንሻገር ቃሬዛውን ለማንሣት የሚበቃ ሰው አልቀረም።

በላቸው አልተሳደበም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማዶ ማዶ ያያል። ከወንዙ ወዲያ በነበረው ተረተር ላይ ሰዎች በሽተኛ ተሸክመው ይሄዳሉ። ከእርሻው፣ ከገበያው መንገድ፣ ከየጓሮው ሰው እየሮጠ ይመጣል፤ የያዘውን ሁሉ ጥሎ ትከሻውን ያቀብላል። የደከመው ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። ቃሬዛው ለአፍታም አልቆመም።

"አየህ ጋዜጣ?" አለኝ። ስሜን ጠርቶት አያውቅም።

"ምኑን?"

"ማንም አላዘዛቸውም።"

ተነሥቶ ከቀሩት ተሸካሚዎች የአንዱን ጋቢ ከትከሻው ላይ ገፈፈው። ከመንደር ሰሌንና ጭድ አስመጣ። ጭዱን በራስጌና በግርጌ አደረገ፤ ብረቱን በሰሌኑ ጠቀለለ፤ በጠፍር አሰረ፤ ጋቢውን አለበሰው። ከርቀት ሲያዩት ቁመቱ መለል ያለ ጎልማሳ መሰለ።

"ነውር ነው" አለ ባለ ጋቢው።

"ነውር ከሆነ ብቻህን ተሸከመው።"

ሰውየው ወደ ቃሬዛው ጎንበስ አለ። የቀሩትም አብረውት እንደምንም እየተንገዳገዱ አነሡት። ቃሬዛው ብዙም ሳይርቅ የመጀመሪያው መንገደኛ አህያውን ለልጁ ትቶ "ነፍስ ይማር" እያለ ትከሻውን ሰጠ። ከዚያ ሌላው ቀጠለ፤ ከዚያም ሌላው። በላቸው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ለብረት ትከሻ የነፈገ ለሬሳ ይሰጣል" አለኝ። ይህን አባባል በኋላ በየጋራዡ ሲደግመው ሰምቻለሁ።

"ምነው እንዲህ ከበደ?" አለ አንዱ ላቡን እየጠረገ።

"ኃጢአቱ ነዋ!" አለ በላቸው።

ሰዎቹ አማተቡ። "ይማረው፤ ይማረው።"

"ሽታውስ? ላምባ ላምባ ይለኛል።"

"ሐኪም ቤት የቀቡት መድኃኒት ነው።"

ሳቄ አፍንጫዬ ላይ መጥቶ ታገልኩት። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ድንኳን ውስጥ እንደሚነገረው ነበር።

ወገዳ ከመግባታችን በፊት ያለው አቀበት ከሁሉም የከፋ ነው። ከአቀበቱ ሥር ከአንድ ሾላ ጥላ አረፍን። መሪጌታ ሀብቴ የሚባሉ፣ ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ ቅስናም ያላቸው፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ቃሬዛውን ሰምተው በምርኩዝ መጡ። በላቸው ከመቀመጫው ተነሣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ ሲል ሰማሁት።

"አባታችን፣ እንደምን ዋሉ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ሟች ክርስቲያን ነው?"

"ክርስቲያን ነው።"

"እንግዲያው ሳይፈታ እንዴት ያልፋል? የክርስትና ስሙን ንገረኝ።"

በላቸው ወደ ቃሬዛው አየ። "ወልደ ሥላሴ" አለ።

መሪጌታ ፍትሐቱን ጀመሩ። ድምፃቸው ያማረ ነበር። ሰዉ ነጠላውን አጣፍቶ ቆመ። አንዳንዱ አለቀሰ፤ የማያውቁት ሰው ሬሳ ፊት የየራሱን ሙት የማያስታውስ የለም። በላቸው ራሱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። ሲጨርሱ እጃቸውን ሳመና ባርኔጣውን አደረገ።

ስሙ ከአፍ አፍ ተላልፎ ከእኛ ቀድሞ ወደ መንደሩ ወጣ። ተሸካሚዎቹ ገና ሳይነሡ አንዲት ሴት ቁልቁል እየሮጠች መጣች። የአረም አፈር ከእጇ አልለቀቀም። ወይዘሮ አለሚቱ ትባላለች፤ ደብሯ ከአቀበቱ አናት ያለው ሚካኤል ነው። ሞላ የሚባል አንድ ልጅ ነበራት፤ የክርስትና ስሙ ወልደ ሥላሴ። ከአገሩ ጎረምሶች ጋር ለሰሊጥ ሥራ ሁመራ ወርዶ ነበር። ጓደኞቹ ከክረምት በፊት ተመለሱ፤ እሱ ቀረ። አንዱ ወባ ይዞት ነበር አለ፤ ሌላው ሌላ አሠሪ ጋር ገብቷል አለ። እኔም ኋላ ባጠያይቅ ከዚያ ወዲያ ያየው ሰው አላገኘሁም።

"ከወዴት አመጣችሁት?" አለች።

"ከደብረ ታቦር በኩል" አለ በላቸው።

"ከዚያስ በፊት? ከሁመራ ነው?"

መልስ አልሰጣትም። ዝም ማለቱን እንደ መልስ ወሰደችው። ቃሬዛው ሥር ወደቀች።

"ፊቱን አሳዩኝ።"

"የሰነበተ ሬሳ አይከፈትም እናቴ። መሪጌታም ያውቃሉ።"

"አይከፈትም ልጄ" አሉ መሪጌታ። የሚያውቁት የተነገራቸውን ብቻ ነው።

ይህን ጊዜ ወደ እሷ ሄጄ ተንበረከክሁ። "እናቴ፣ ይስሙኝ። ሰው አይደለም። የገዥው መኪና ሞተር ነው። ብረት ነው" አልኳት።

ቀና ብላ በእንባዋ ውስጥ አየችኝ። በአገራችን መርዶ እንዲህ በቀጥታ እንደማይነገር የማያውቅ የለም፤ ሟች ታመመ ይባላል፣ መንገድ ሄደ ይባላል፤ እስኪረዱ ድረስ ሰው ሁሉ ይዋሻል።

"አባቱ ሲሞት ገበያ ውሎ ይመጣል አሉኝ" አለች። "እናቴ ስትሞት ትንሽ አሟታል አሉኝ። አንተ ደግሞ ብረት ነው አልከኝ። እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ አዝነህልኝ ነው።"

ወደ በላቸው ዞርኩ። "ክፈተው። አንድ ጊዜ ክፈተውና ትየው።"

"ይህን አቀበት አየኸው?"

"አየሁት።"

"ከከፈትኩት በኋላ አንተ ታወጣዋለህ?"

ጋቢው የተገፈፈበት ሰውዬ አጠገባችን ነበር፤ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። እውነቱን የሚያውቁት የእስቴ ሰዎች ሁሉ ያንኑ አደረጉ። ቢናገሩ ቃሬዛው በእነሱ ላይ ይቀራል።

አለሚቱ ጮኸች፤ መንደሩ ጩኸቷን ሰማ። ከአቀበቱ አናት ወንድ ሴቱ እየወረደ መጣ። ያ ያስፈራን አቀበት ሳይታወቅ አለቀ። ተሸካሚው እየተሻማ ነበር የሚገባው፤ የገዛ ልጃቸው ነዋ። ሴቶቹ ከኋላ ደረታቸውን ይመታሉ፤ አለሚቱ ፊቷን ቧጥጣ ደም በደም ሆናለች። የሞተሩ ዘይት በሰሌኑ አልፎ ጋቢው ላይ ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ እሷ እጇን ነክራ ግንባሯን ቀባችው።

በላቸው ከጎኔ ይራመዳል። ትንፋሹ እንኳ አልጨመረም። "የሚያለቅስ ሰው አይደክመውም" አለኝ። "ልብ በል ጋዜጣ።"

አናቱ ላይ ስንደርስ ደወል ይደወል ነበር። ጎረምሶች ቀድመው ጉድጓድ ቆፍረዋል። ቃሬዛው ወደ ወገዳ በመሄድ ፈንታ ወደ ሚካኤል ታጠፈ። ይህን በላቸው አላሰበውም ነበር። "በዚህ አይደለም!" ቢል ማን ይስማው? ደጀ ሰላሙን አልፈው ገቡ። እሱ ሮጦ ከፊት ቆመ፤ የቃሬዛውን ግንድ በሁለት እጁ ያዘ።

"አውርዱ! የእናንተ ሬሳ አይደለም!"

ከጉድጓዱ አፋፍ አወረዱት። ጩቤ አውጥቶ ጠፍሩን በጠሰ፤ ጋቢውን ገለጠ፤ ሰሌኑን ዘረጋ። ጭዱ ተበተነና ብረቱ በዘይት ተነክሮ ወጣ።

ደወሉ አሁንም ይደወል ነበር። ከዚያ አንድ ሽማግሌ "በስመ አብ!" ብለው ዱላቸውን አነሡ፤ ሰዉም ተንቀሳቀሰ። ሞተሩን ሊቀበሉ ከወገዳ የመጡ የገዥው ነጭ ለባሾች ጠመንጃቸውን ይዘው መካከል ባይገቡ በላቸው ከዚያ ግቢ በሕይወት አይወጣም ነበር።

"የመንግሥት ንብረት ነው" አለ ልብሱን እያራገፈ። "የነካ ይታሰራል። ደግሞስ ምን ያስቆጣችኋል? ሰው አልሞተም፤ ደስ አይላችሁም?"

የአለሚቱ ወንድም አዳነ ነው ቀድሞ የነቃው። ሠላሳውን ያለፈ፣ ትከሻው ሰፊ ገበሬ ነው። "እሰይ!" አለ። "እቴ፣ ሞላ አልሞተም! እልል በሉ እንጂ!" ሴቶቹ በእንባ በራሰ ፊታቸው እልል አሉ።

አለሚቱ ግን ተንበረከከች። ብረቱን በመዳፏ ዳሰሰች። ጭዱን በተነችው። ሰሌኑን አንሥታ ሥሩን አየች። ከዚያ ወደ በላቸው ቀና አለች።

"ልጄን የት አወረዳችሁት?"

"እናቴ፣ ልጅ የለም። መጀመሪያውኑም ይኸው ነው።"

"መሪጌታ ፈትተውታል። ብረት ይፈታል?" ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ከታች ነግረኸኝ ነበር። በልጄ ፈንታ ብረት እንደምታደርጉ አስቀድመህ ታውቅ ነበር። የት ላይ አወጣችሁት?"

እውነቱን መናገሬ መረጃ ሆነባት። ማስረዳት ሞከርኩ፤ ባስረዳሁ ቁጥር አንገቷን ትነቀንቃለች። መሪጌታ ከጉድጓዱ አፈር ላይ ተቀምጠው "እኔስ የፈታሁት ማንን ነው?" ይላሉ ደጋግመው። በላቸው ነጭ ለባሾቹን ሞተሩን አሸክሞ ሄደ። አለሚቱ ከጉድጓዱ ዳር የተጣለውን ዶማ አነሣችና ወደ መጣንበት መንገድ ወረደች።

በማግስቱ አዳነ ገዥው ግቢ መጣ። በላቸው መኪናዋ ሥር በጀርባው ተኝቷል።

"ጌታዬ፣ እህቴ ካረፋችሁበት ቦታ ሁሉ አዲስ አፈር እየፈለገች ትቆፍራለች። እህል አልቀመሰችም። እኛን አታምነንም። መስቀል ይዘህ ብትምልላት ታምን ይሆናል። ና ማልላት።"

"ሞተሩን ሳላስነሣ የትም አልሄድም።"

"ካስነሣኸው በኋላስ?"

"ያን ገመድ ያዝ" አለው።

አዳነ ገመዱን ያዘ። በዚያ ቀንና በማግስቱ የሠራው እንደ ተቀጠረ ሰው ነው፤ ሞተሩን ሰቀለ፣ አወረደ፣ መልሶ ሰቀለ። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር አልገጥም ብሎ አስቸገረ፤ የካምቢዮው ዘንግ ከፍሪሲዮኑ ጥርስ ጋር አልገናኝ አለ። በላቸው የኋላውን ጎማ በክሪክ አነሣ፣ ማርሽ አስገባ፣ አዳነን ጎማውን ቀስ አድርጎ እንዲያዞር አዘዘው። "ቀስ፤ ቀስ፤ እንደ ሕፃን ራስ" ይላል። ዘንጉ ሲገባ ድምፅ አልነበረውም። ብሎኖቹን አጠበቀ፤ ቴስታታውን መለሰ፤ ዘይትና ውኃ ሞላ። ከናፍጣው መስመር አየሩ እስኪወጣ ትንሿን ብሎን አላልቶ ተጠባበቀ፤ አረፋው ሲቆም አጠበቃት። ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ አጉረመረመ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ተነሣ። ገዥው አጨበጨቡ። በላቸው የአዳነን ጋቢ ሳበና እጁን ጠረገ።

"እንሂድ" አለ አዳነ።

ይሄዳል ብዬ አልጠበቅሁም። ሄደ። ለምን እንደሄደ ያኔም ኋላም አልነገረኝ፤ ሞተሩን በአቀበት ሊሞክር ይሁን፣ ሌላ ነገር ይሁን፣ ያላወቅሁትን አልጽፍም። አዳነና እኔ ተሳፈርን። አለሚቱ መሪጌታ ፍትሐት ካደረሱበት ሾላ ሥር ነበረች። መሪጌታም እዚያው ከሥሩ ተቀምጠዋል፤ ትተዋት መሄድ አልቻሉም። መሬቱ በየቦታው ተቆፍሯል። በላቸው አዲሱን ሞተር ማጥፋት አልፈለገም፤ እየሠራ ትቶት ወረደ፤ መስቀሉን ከመሪጌታ እጅ ተቀበለ።

"ስሚኝ" አለ ከሞተሩ ድምፅ በላይ። "በዚህ መስቀል እምላለሁ። ልጅሽን አላየሁትም፤ አልተሸከምኩትም፤ አልቀበርኩትም።"

ዶማዋን አቆመች። "ስሙን ማን ነገረህ?"

"ማንም። ስም ሲጠይቁኝ የራሴን ሰጠሁ። ወልደ ሥላሴ እኔ ነኝ።"

እሷ በላቸውን ትታ መሪጌታን አየች። "እንግዲያው የፈቱት እሱን ነው አባ?"

መሪጌታ መሬት መሬት አዩ።

"የተፈታ ሰው ሙት ነው" አለች። "ሙት ምን ይምላል?" ጀርባዋን ሰጥታ መቆፈሯን ቀጠለች።

በላቸው መስቀሉን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ጆሮው ወደ መኪናዋ ሄደ፤ ሞተሩ ድምፁን ለወጥ አድርጎ ነበር። መስቀሉን ለእኔ ሰጠኝ። ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ነገር ነካካ፤ ድምፁ ተስተካከለ። ዘወር ብሎ እጁን የሚጠርግበት ጋቢ ፈለገ፤ የአዳነ ጋቢ ከሾላው ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ በሱ ጠረገና መሪው ላይ ወጣ።

"ጋዜጣ፣ ሳይዘንብ እንውጣ" አለ። ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ ማርሽ አስገብቶ አቀበቱን ያለ ምንም ችግር ወጣው።

አዳነ ዶማውን ከእህቱ እጅ ተቀበለ። "አምጭው፤ እኔ ልቆፍር። ባዶ መሆኑን ራስሽ ታያለሽ" አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ከዚህ በታች የት የት እንዳረፍን ጠየቀኝ። የማስታውሰውን ነገርኩት፤ ከወንዙ ወዲህ ያለውን ሜዳ፣ የወንዙን ዳር፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉትን። ለነገርኩት ሁሉ አንድ አንድ ጣቱን እያጠፈ ያዘ። ጣቶቹ ሲያልቁ እኔ በቆጠራው ገና ከተነሣንበት ከመካነ ኢየሱስ አልደረስኩም ነበር።